ያልደረሰው ቢላ

ሀፊዛ የሱቋን የብረት በር ልትከፍት ቁልፍ ስታወጣ፣ በሩ ቀድሞውኑ ክፍት ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ታናሽ ወንድሟ ሙስዐብ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ያድራል። ሳይቆልፍ መተኛት ደግሞ ልማዱ ነው።

«ሙስዐብ! ስንቴ ልንገርህ?» አለች ገና ደጅ ቆማ።

መልስ የለም።

ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላቋረጠም። የወሎ ሰፈር መንገድ በጭቃና በመኪና ጥሩምባ ተሞልቷል። መብራት ስለጠፋ ሱቁ ውስጥ ገና አልነጋም። የስልኳን ባትሪ አብርታ ገባች።

ሙስዐብ ከባንኮኒው ኋላ በጎኑ ወድቋል። ስልኩ ከእጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተደፍቷል። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ወገቡ ጠቁሮ ደርቋል።

አልጮኸችም። በሩ ግማሽ ተከፍቶ አይቶ ብቅ ያለው ጎረቤቷ ጫማ ሻጩ ሲገባ፣ የትከሻዋን ሻርፕ አውልቃ የወንድሟን እግር ስትሸፍን አገኛት።

«በርዶታል» አለችው። «እግሩ በርዶታል።»

ኢንስፔክተር አምሳለ የደረሰችው አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት ነው። በነፍስ ግድያ ምርመራ ላይ ፀጉሯን ያሸበተች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ረዳቷ ሳጅን አባዲ ቀድሟት ሱቁን ዞሮ ጨርሷል።

«አንድ ጊዜ ነው የተወጋው፤ እዚህ፣ ልቡ ላይ። መሣሪያውን ገዳዩ እዚሁ ጥሎት ሄዷል። እጀታው ተጠርጓል። መሳቢያው አልተነካም፣ በሩም አልተሰበረም።»

«የሚያውቀውን ሰው ነው ያስገባው ማለት ነው።»

«ወይ ደንበኛ። የቢላ ሱቅ አይደል? ገዳዩ መሣሪያ ይዞ መምጣት እንኳ አላስፈለገውም። ከመደርደሪያው አንሥቶ ነው።»

አምሳለ መደርደሪያዎቹን አየች። ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። የተረፉት ጥቂት ሰፋፊ የሽንኩርት መክተፊያዎች ናቸው። በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገው መሣሪያ ግን ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሥጋን ከአጥንት ለመለየት የሚሠራ።

«ከየትኛው መደርደሪያ ነው ያነሣው?» አለችው።

አባዲ ዞር ዞር ብሎ አየ። 

ሀፊዛ በጫማ ሻጩ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያስቀመጡላትን ውሃ አልነካችውም። አምሳለ ሌላ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ። ትንሽ ነገር ልጠይቅሽ። ካልቻልሽ እንተወዋለን።»

«እችላለሁ።»

«ትናንት መቼ ተለያያችሁ?»

«አስር ሰዓት ገደማ። እማዬን አሟት ነበር፣ ቀድሜ ሄድኩ። መግሪብ እየሰገድኩ ደውሎልኛል። ስጨርስ መልሼ ስደውል አያነሣም። ደንበኛ ይዞ ይሆናል ብዬ ተውኩት።» «ተውኩት» አለች እንደገና።

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ሙስዐብ? እሱ ተጣልቶም ሻይ የሚጋብዝ ልጅ ነው።»

«ሱቁ ለምን ባዶ ሆነ?»

ሀፊዛ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ከቱርክ ነው የማስመጣው። የሆቴል ሼፎች ናቸው ከኔ የሚገዙት። ባልደረቦቼ ሁሉ ድስትና መጥበሻ ሲያመጡ እኔ ቢላን ሙጥኝ አልኩ፤ ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። አምና ዕቃ የሚያጓጉዙልን ኩሪየሮች ስለት ያለው ዕቃ አንጭንም አሉ። የኔ ካርቶኖች መንገድ ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ገብተዋል ግን አይለቀቁም ተባልኩ። ቀጥሎ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያደርሱልን ሞተረኞች፣ ፍተሻ ላይ ቢላ ቢገኝብን ማን ያምነናል ብለው ተዉን። በቃ፣ ሙስዐብ የተረፈውን በስፖርት ቦርሳ ይዞ በእግሩ ማድረስ ጀመረ። በየሆቴሉ በር ላይ ጥበቃዎቹ ቦርሳውን ያስከፍቱታል። እሱ እየሳቀ ያስረዳቸዋል። አንድ ቀን አልተቆጣም።»

አምሳለ ከረጢቱን አወጣች። ለአንዲት እህት የሚያሳዩት ነገር አልነበረም፤ ግን ከሀፊዛ ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሀፊዛ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የኔ ነው» አለች። «ግን አልደረሰኝም።»

«እንዴት ማለት?»

«ከታገዱት ካርቶኖች ውስጥ ነው ያለው። ለሼፍ ታዲዎስ በልዩ ትእዛዝ ያሠራሁለት ነው፤ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። የወይራ እጀታ አለው፣ ስሙ ስለቱ ላይ የተቀረጸበት። ስሙን በአማርኛ ጽፌ ለቱርኮቹ ልኬላቸው ነበር። ፎቶውን እንጂ እሱን አይቼው አላውቅም።»

አምሳለ ከረጢቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ደም የሸፈናቸው ጥቃቅን ፊደላት ነበሩ።

ሼፍ ታዲዎስ ከነነጭ የወጥ ቤት ልብሱ ወደ ጣቢያ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ የምርመራ ክፍሏ ወንበር ጠበበችው።

«ባለፈው ሳምንት ከሙስዐብ ጋር ሆቴሉ በር ላይ ተጯጩሃችኋል» አለው አባዲ። «ጥበቃዎቹ ሰምተዋል።»

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ። አሮጌ ቢላዎቼን ለረዳቶቼ አከፋፍዬ፣ አዲሱን ስጠብቅ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መቼ ነው ስለው፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ማለቴ፣ እሱ ምን ያድርግ? በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አብረን ምሳ በልተናል።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበርክ?»

«ወጥ ቤቴ። የሠርግ ራት ነበረን። ሠላሳ ሰው ይመሰክርልኛል።»

አምሳለ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ታዲዎስ አጎነበሰ። ያየው ደሙን አልነበረም። ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ተተከለ።

«‹ዎ› ነው እኮ» አለ።

«ምን?»

«ስሜን አበላሽተውታል። በ‹ወ› ጽፈውታል። ታዲወስ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ...» ድምፁ ቆመ። ምን እያየ እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ። «በዚህ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «በኔ ቢላ ነው?»

ከክፍሉ ሲወጡ አባዲ አላመነም ነበር። «ትወና ሊሆን ይችላል፣ ኢንስፔክተር።»

«ሊሆን ይችላል። ግን የራሱ ስም ያለበትን ቢላ እጀታውን ጠርጎ፣ ስሙን ትቶ የሚሄድ ሰው አላጋጠመኝም። የሠርጉን ነገር አጣራና ልቀቀው።»

ሠርጉ እውነት ነበር። ታዲዎስ ከወጥ ቤቱ ንቅንቅ እንዳላለ አብሳዮቹ ሁሉ መሰከሩ።

«ጥያቄው ሌላ ነው» አለች አምሳለ። «ታግዷል የተባለ ቢላ እንዴት ወሎ ሰፈር ደረሰ?»

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከሀፊዛ እናት፣ ከወይዘሮ ዘሃራ ደጃፍ ነው። ሙስዐብ ተቀብሯል። ወይዘሮ ዘሃራ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ «ሙስዐብን አይታችሁታል?» ይላሉ። ሐዘኑ ይሁን ሕመማቸው ለይቶ የሚያውቅ የለም።

አምሳለ ዳር ላይ ተቀመጠች። ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው አግዳሚ ይሸከማል፣ ውሃ ያዞራል፣ ዝናብ የገባበትን የድንኳን ጫፍ ይወጥራል። አንዴም ቁጭ አላለም።

«ዘመድ ነው?» ብላ ሀፊዛን ጠየቀቻት።

«አይደለም። ምንዳዬ ይባላል፣ የኩሪየሩ ሠራተኛ ነው። ካዛንቺስ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ነው ያለው። ስለ ካርቶኖቹ ስመላለስ ይቸገርልኝ ነበር። ቤተሰባችንን ባያውቅም ከሞቱ ዕለት ጀምሮ እዚሁ ነው።»

በማግስቱ አምሳለና አባዲ ካዛንቺስ ሄዱ። ሰፈሩ ግማሹ የለም። ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ የቀረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከአጥሩ በላይ የቁፋሮ ማሽን ክንድ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። የኩሪየሩ ቅርንጫፍ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ገና ባልተነካ ሕንፃ ሥር ነው።

ምንዳዬ ከመስታወቱ ኋላ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«የወይዘሮ ሀፊዛ ካርቶኖች የት ናቸው?» አለችው አምሳለ።

«መጋዘን ናቸው። እገዳው እስኪነሣ አይለቀቁም። አቤቱታ አስገብተንላታል።»

«አንዱ ቢላ ከዚያ ወጥቶ ሰው ገድሏል።»

አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። መጋዘን ብዙ እጅ ነው የሚያልፍበት፣ ኢንስፔክተር። አንዱ ሰርቆ ሸጦት ይሆናል። እኔ ከዚህ መስኮት አልፌ የማውቀው ነገር የለም።»

አባዲ ቀናቱን ከመጋዘን ወደ መጋዘን፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ጨረሰ። ጫማው በስብሶ፣ ድምፁ ዘግቶ ተመለሰ።

«ካርቶኖቹ እዚያ የሉም። ለምን እንደሌሉ የሚነግረኝ ሰው ደግሞ አጣሁ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ያኛው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። እኔ የሚመስለኝ ግን ሌባው እዚያ አይደለም። የሟች ስልክ ላይ፣ ለእህቱ ከመደወሉ በፊት የደወለው ለማን እንደሆነ አይተሻል? ለጅብሪል።»

ጅብሪል ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር የወጥ ቤት ዕቃ የሚነግድ፣ ከሀፊዛ ጋር በደንበኛ የሚሻማ ሰው ነው። የሀፊዛን ሆቴሎች አንድ በአንድ እየወሰደባት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ሱቁ ሲደርሱ ከባንኮኒው ኋላ ግድግዳው ሙሉ ቢላ ነበር። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደረ።

አባዲ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«እነዚህን ከየት አመጣህ?»

«ከቱርክ» አለ ጅብሪል። ወፍራም፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልበው ሰው ነው።

«በምን?»

«በኩሪየር ነዋ።»

«እገዳው እያለ?»

«የምን እገዳ?» ጅብሪል ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። «እሱማ ከተነሣ ቆየ እኮ! ንግድ ፈቃድህን ታሳያለህ፣ ስለቱን በደንብ አሽገው ይልኩልሃል፣ አለቀ። ሙስዐብም እንደናንተው ነው ያፈጠጠብኝ።»

አምሳለ ቀና አለች። «መቼ?»

ጅብሪል ላቡን ጠረገ። የተናገረውን መመለስ የፈለገ ይመስል ነበር።

«የሞተ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ። ዕቃ አበድረኝ ሊለኝ ነው የመጣው። ሻይ አዘዝኩለት። ግድግዳውን አየና ዝም አለ። ከየትኛው ቅርንጫፍ ነው የተረከብከው አለኝ። ካዛንቺስ፣ ምንዳዬ ጋ፣ አልኩት። ሻዩን ሳይነካው ወጣ። ከመንገድ ላይ ደግሞ ደወለልኝ፤ እገዳው መነሣቱን እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ማልልኝ፣ አለኝ። ማልኩለት።»

«ይህን ለምን መጥተህ አልነገርከንም?»

«ፈራሁ፣ እማማ። ተወዳዳሪያቸው ነኝ። መጨረሻ ያናገረው እኔ ነኝ ብዬ ጣቢያ ብመጣ ማን ያምነኛል? ለቅሶውም ላይ አልሄድኩም፤ ሁለት ጊዜ እደጃፉ ደርሼ ተመለስኩ።»

አምሳለ ግድግዳውን ደግማ አየች። ከዚያ ዣንጥላዋን አነሣች።

«ተነሥ፣ አባዲ። ካዛንቺስ እንሂድ።»

ሲደርሱ ምንዳዬ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው የተላከላቸውን ጥቅል እንዲረከቡ እየረዳቸው ነበር። የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። በሩን ራሱ ከፍቶ አወጣቸው። አምሳለ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ለጅብሪል ቢላዎቹን ያስረከብከው አንተ ነህ?»

ምንዳዬ አሮጊቷ የፈረሙትን ወረቀት አጠፈ። ውጭ አንድ መኪና ኩሬውን እየረጨ አለፈ።

«ለእሱ እገዳው ተነሥቶለት፣ ለሀፊዛ ለምን አልተነሣላትም?»

ወደ መስኮቱ ተመልሶ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ፣ ቀስ ብሎ ለበሰ፣ መስኮቱንም ሳይቸኩል ቆለፈ።

«ካርቶኖቹ ቤቴ ናቸው» አለ። «ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ቤቱ ቅርብ ነበር። በፈረሱት ግቢዎች መካከል ብቻውን የቀረ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ጎረቤት የነበረበት ቦታ ሁሉ የግድግዳ ስብርባሪና ቀይ ጭቃ ሆኗል። አንዱ ክፍል አልጋ፣ አንዱ ክፍል ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ካርቶኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ንጹሕ የጠረጴዛ ልብስ አልብሷቸዋል።

አባዲ ገለጠው። ማሸጊያው እንዳለ ነው። አንደኛው ካርቶን ብቻ አፉ ተቀዷል።

«አንዱንም አልሸጥክም?» አለችው አምሳለ። ከገባች ጀምሮ የገረማት ይህ ነበር።

«ለምን እሸጣለሁ?» አለ፣ እሱም ተገርሞ። «የእሷ ናቸው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባዲ እጁን ሊያስረው ሲል አምሳለ በዓይኗ ቆይ አለችው።

«መጀመሪያ ላይ እገዳው እውነት ነበር» አለ ምንዳዬ። «በየጊዜው እየመጣች ትጠይቀኛለች። ወንበር አወጣላታለሁ፣ ሻይ አዝዝላታለሁ። ስለ እናቷ፣ ስለ ልጆቿ ታወራኛለች። ያን ሰሞን ነው ሰፈራችን የፈረሰው። አብሮን ያደገው ሰው ሁሉ በከተማው ዳርቻ ተበተነ። እናቴም በዚያው ዓመት ሞተች። ከሥራ ወጥቼ ስገባ እዚህ ማንም የለም፣ ኢንስፔክተር። መንገድ ላይ እንኳ ‹እንዴት ዋልክ› የሚለኝ የለም። እሷ የመጣች ቀን ግን ሰው ሆኜ እውላለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እገዳው ሲነሣ ካርቶኖቹ እኔ ጋ መጡ። ልደውልላት ስልክ አንሥቼ ነበር። ከተረከበች በኋላ ግን ምን ብላ ትመጣለች? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም፣ ነገ አልኩ። እየቆየ ሲሄድ የማይነገር ሆነ። ተረክባለች ብዬ ፈርሜ ወደ ቤት አመጣኋቸው።»

«ትወዳት ነበር?»

«የእሷ እምነት ሌላ፣ የኔ ሌላ። የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። እንድትመጣ ብቻ ነው።»

«ሱቋ እየተዘጋ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እያለቀሰች ነግራኛለች።» እጆቹን ተመለከተ። «ያጽናናኋት እኔ ነኝ።»

አባዲ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሙስዐብ ምን አለህ?»

«መጥቶ መስኮቱን በቡጢ መታው። ዕቃዋን ዛሬውኑ ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ አትንገራት ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ሲመሽ አንዱን ካርቶን ይዤ ሄድኩ፣ የቀረውን ነገ ላመጣ። መብራት የለም። ካርቶኑን ቀደደው፣ አንዱን ቢላ ከመጠቅለያው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ለእሷ ብቻ እንዳትነግራት አልኩት። ከሥራ አስባርረኝ፣ አሳስረኝ፣ ለእሷ ግን ኩሪየሩ ተሳስቶ ነው በላት አልኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ዓመት ሙሉ አስለቀስካት› አለኝ። ‹አሁን ራስህ ትነግራታለህ› ብሎ ስልኩን አነሣ። ሲጠራ ይሰማኛል። ይጠራል፣ ይጠራል። አሁን ታነሣዋለች፣ አሁን ድምጿን እሰማለሁ እያልኩ...»

ቃሉን አልጨረሰውም።

«ብታነሣው ኖሮ ሮጬ የምወጣ ይመስለኛል። እንጃ። ቢላው እጄ ላይ ነበር።»

«ለምን ጥለኸው ሄድክ?»

«ፊደል እንዳለበት በጨለማው አላየሁም። የቢላ ሱቅ ውስጥ አንድ ቢላ ቢጨመር ማን ያውቃል ብዬ። ካርቶኑን አቅፌ ወጣሁ።»

«በማግስቱ ድንኳን ልትተክል ሄድክ።»

«ብቻዋን ነበረች» አለ ምንዳዬ።

አምሳለ ለአባዲ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ሲገባለት ምንዳዬ አልተንቀሳቀሰም፤ ሲወጡ ብቻ ዞር ብሎ የጠረጴዛውን ልብስ አየ። ካርቶኖቹ ላይ እንዲመልሱት የፈለገ ይመስል ነበር።

ሀፊዛን ወደ ጣቢያ ያስጠራቻት አምሳለ ናት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገችም።

ሀፊዛ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ «ምንዳዬ?» አለች፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማች ሁሉ። «ድንኳኑን የተከለልን?»

«አዎ።»

«ምን አደረግኩት?»

«ምንም አላደረግሽውም።»

«የሆነ ነገር ብዬው ይሆናላ። ያላሰብኩትን ነገር ተናግሬ ይሆናል።» ግንባሯን ያዘች። «ሻይ ጠጣሁ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን አልኩት?»

«‹ወንድሜ› ትለኝ ነበር ብሏል።»

ሀፊዛ ቀና ብላ አየቻት።

«ሁሉንም ሰው እኮ ነው የምለው» አለች። «ጥበቃውን፣ ሞተረኛውን፣ መንገድ የሚያሳየኝን። ሰውን ሌላ ምን ብዬ ልጥራው?»

አምሳለ ወረቀቶቿን ካንዱ ጎን ወደ ሌላው አደረገቻቸው።

«ያን ጊዜ ሲደውልልኝ...» አለች ሀፊዛ። «ሙስዐብ ምን ሊለኝ ነበር?»

«እውነቱን ሊነግርሽ።»

«አንሥቼው ቢሆንስ?»

በዚህ ሥራ ላይ ከገባች ጀምሮ አምሳለ ለሟች ቤተሰብ ዋሽታ አታውቅም። የምርመራ ቃሉ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት እንደሚነበብ ታውቃለች። ያ ቀን ግን ዛሬ አይደለም።

«ያው ነበር» አለቻት። ስትናገር ዓይኗን አላየችም። «ምንም አይለወጥም ነበር።»

ሀፊዛ አመነቻት፣ ወይም ያመነች መሰለች። ካርቶኖቹ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሆኑ ጉዳዩ እስኪያልቅ እዚሁ እንደሚቆዩ ሲነገራት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ልትወስዳቸው እንደምትችል ተነገራት።

«አልፈልጋቸውም» አለች። «ለታዲዎስ ብቻ ይቅርታ በሉልኝ።»

ስትወጣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተመልሷል። እናቷ ቤት እየጠበቋት ነው። ማን ነው፣ ለምን ነው፣ ይሏታል። ምን ብላ እንደምትጀምርላቸው እያሰበች እስከ ካዛንቺስ ታክሲ ተራ ድረስ በእግሯ ሄደች። ረዳቱ «ቦሌ» እያለ የሚጮህበት ሚኒባስ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። በእጇ ጠረገችው። ኦሎምፒያ አለፈ። የወሎ ሰፈር ሱቆች ብቅ ማለት ሲጀምሩ ለመውረድ ተዘጋጀች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ወጣት ነው፣ ኮፍያው በዝናብ ረጥቧል። አውርደኝ ልትለው አፏን ከፈተች።

ዕድሜዋን ሙሉ በየታክሲው ስትለው የኖረችው ‹ወንድሜ› አፏ ላይ መጣ። ከዚያ በላይ ግን አልሄደም።

ታክሲው የጫማ ሻጩን ሱቅ አለፈ። የተዘጋውን የሷን በር አለፈ።

«እናት፣ የት ነበር ወራጅ?» አለ ረዳቱ ዞር ብሎ፤ እንባዋን ያየ ይመስላል።

ሀፊዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«መጨረሻ» አለችው።